የማኅበራችሁን ምሥረታ በዓል የት ታከብራላችሁ? እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ እና ላንጋኖ ሲነጻጸሩ

የወጣት ማኅበራት ምሥረታ በዓል አከባበር ለረጅም ጊዜ መልኩ አንድ ነበር፤ የተከራየ አዳራሽ፣ ባነር፣ ኬክ፣ ለስላሳ እና የማያልቅ የክብር እንግዳ ንግግር። አሁን አሁን ግን በየኮሚቴው «ዘንድሮስ ከከተማ ወጣ ብለን እናክብር» የሚል ድምፅ በርትቷል። ደግ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው «የት?» ሲባል ነው። አንዱ ዚፕላይን (በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) ይላል፣ አንዷ ተራራ መውጣት፣ ሌላው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር። ውሳኔው ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፤ የሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ከ20 እስከ 60 አባላት ይዘው ለሚወጡ ማኅበራት ይጠቅም እንደሆነ አራት አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ እንጦጦ ፓርክ፣ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወንጪ እና ላንጋኖ። የሰሜንንና የባሌን ተራሮች ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። ሁለቱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ድንቅ ቦታዎች ናቸው፤ ነገር ግን የቀናት ጉዞ፣ ወፍራም ልብስና የለመደ እግር ይጠይቃሉ። ለበዓል የወጣ ሰው ሁሉ ይህን አሟልቶ አይገኝም።

ከዋጋ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከመጡት አባላት ስንቱ ይሳተፋል፣ ስንቱስ ቦርሳ እየጠበቀ ይመለከታል? በዓሉ የማኅበሩ ነው። አምስት ደፋር ልጆች ሲፈነድቁ የቀሩት ፎቶ አንሺ ሆነው የሚውሉበት መርሐ ግብር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ቀን አይሆንም።

እንጦጦ ፓርክ፦ ቅርብ ነው፣ ወረፋው ግን ይታሰብበት

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ሲመረቅ ለከተማዋ ወጣቶች አዲስ ነገር ነበር። በባሕር ዛፉ መካከል ዚፕላይን አለ፤ ጎካርት (የትንንሽ መኪና እሽቅድምድም)፣ ፔይንትቦል (በቀለም ጥይት መተኳኮስ)፣ የቀስት ዒላማ፣ የፈረስ ግልቢያም አለ። ቁርስን ቤት በልቶ ወጥቶ ለእራት መመለስ ይቻላል። ድንገት ሰው ቢታመም ከተማው ከእግር ሥር ነው። ከአራቱ ቦታዎች ለአዘጋጅ ኮሚቴ ቀላሉ ይህ መሆኑ አያከራክርም።

ግን ስሌቱን አስቡት። ዚፕላይን ላይ አንድ ሰው መታጠቂያውን ለብሶ፣ ተፈትሾ፣ ተራው ደርሶ እስኪለቀቅ አራት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ፣ ለ60 ሰው አራት ሰዓት ይሆናል። ደስታው ራሱ ግን ከደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። የቀረው ጊዜ ወረፋ ነው፤ ለዚያውም ሌሎች ጎብኚዎች በመካከል ካልገቡ። እንጦጦን ከመረጣችሁ ገንዘቡን በቡድን በሚሠራው ላይ አውሉት። ፔይንትቦል ማኅበሩን በሁለት ከፍሎ ያዋጋል፤ ሰብሳቢው በጸሐፊዋ ሲመታ የሚፈጠረውን ሳቅ የትኛውም ገመድ አይሰጥም። ዚፕላይኑን ለሚፈልግ ብቻ፣ በራሱ ወጪ ማድረግ ይሻላል።

ከፍታውንም አትናቁት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የአገራችን ሯጮች እንጦጦን ለልምምድ የሚመርጡት በከንቱ አይደለም። ጠዋት ላይ ይበርዳል፣ ከሰዓት በፊት ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል።

መናገሻ ሱባ፦ ለኪስ የሚስማማው

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ችግኝ እንደተተከለበት፣ ዘሩም ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን እንደመጣ ይነገራል። ዛሬ በጽዱ፣ በዝግባውና በኮሶው ሥር የሚሄድ ሰው ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ያያል፤ ዕድለኛ ከሆነ የምኒልክ ድኩላም ይገጥመዋል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ጫፍ መድረስ የለበትም።

የመናገሻ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የእግር መንገዶቹ አጭርም ረጅምም ስላሉ ቡድኑን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ጠንካራው ሽቅብ ሲወጣ ሌላው በደኑ ውስጥ ዞሮ፣ ምሳ ላይ ልትገናኙ ትችላላችሁ። ወረፋ የለም፤ ቦርሳ ጠባቂም የለም። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ «አድቬንቸር» ብሎ የመጣ የ17 ዓመት ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ዝም ብለን እየሄድን ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። መድኃኒቱ በየመንገዱ ሥራ መስጠት ነው። ከማኅበሩ ታሪክ የወጡ ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፋችሁ በየማረፊያው አስቀምጡ፤ ያልመለሰ ቡድን አያልፍም። የመጀመሪያው ስብሰባ የት ተደረገ? የመጀመሪያው መዋጮ ስንት ብር ነበር? መሥራቾቹ አብረው ካሉ ይህ ከኬክ ቆረሳ በላይ ይሆናል።

መጨረሻው ላይ ያለው መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ዝናብ ከጣለ ዝቅ ያለ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ።

ወንጪ፦ ሁሉን አንድ ላይ የያዘው

ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአምቦ ወይም በወሊሶ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ከለሙት ሦስት ሥፍራዎችም አንዱ ነው። እኔ ግን የምወደው በዚህ ምክንያት አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ የእግር ጉዞ፣ ፈረስ፣ ጀልባ፣ ፍል ውኃ እና በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳም የሚያገናኝ ሌላ ቦታ ከአዲስ አበባ በዚህ ርቀት አላውቅም። ከተራራው ጫፍ ቁልቁል ሲወረድ እንሰትና ገብስ በመንገዱ ዳር ይታያሉ፤ የአካባቢው ማር ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው፣ ለመሥራቾች ስጦታ ከዋንጫ ይሻላል።

ፈተናው መመለሻው ነው። ወደ ሐይቁ መውረድ ለሁሉም ይቀልላል፤ ሽቅቡ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው፣ ሳንባ ይፈትናል። ስለዚህ ፈረሱን ለመውረጃ ሳይሆን ለመውጫ ያዙ። ብዙ ቡድኖች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፦ ትኩስ ጉልበት እያላቸው በፈረስ ይወርዱና ሲደክሙ በእግር ይወጣሉ። ለጉልበት ለሚታመምና አስም ላለበት አባል ፈረሱ ከጠዋቱ በስሙ ይያዝለት።

ከመጋለብ በፊት የምታዩት ሁለት ነገር አለ። ኮርቻው በሆዱ ሥር የሚታሰርበትን ጠፍር በሁለት ጣት ሞክሩት፤ እጅ ሙሉ የሚያስገባ ከሆነ ጋላቢው ሽቅብ ላይ ከነኮርቻው ወደ ጎን ይዞራል። እርካቡ ውስጥም የሚገባው የእግር ፊት ብቻ ነው፤ ተረከዝ ድረስ የገባ እግር ፈረሱ ቢደነግጥ ቶሎ አይወጣም። ጀልባው ላይ ደግሞ የሕይወት አድን ጃኬቱን አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮ ድረስ ከመጣ ላልቷል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። ጃኬት ከሰው ቁጥር ካነሰ በሁለት ዙር ተሻገሩ። «ቅርብ ነው፣ ምንም አይሆንም» የሚል ባለጀልባ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን አትስሙት።

ገዳሙን ለማየት የሚሻገር ሁሉ ለቦታው የሚገባ ልብስ ይልበስ፤ ሴቶች ነጠላ ይያዙ። ማኅበራችሁ ሙስሊምና ክርስቲያን አባላት ያሉት ከሆነ ደሴቱን የግድ አታድርጉት፤ በሐይቁ ዙሪያ በጀልባ መዞር ብቻውን በቂ ነው።

ላንጋኖ፦ የሚያድሩ ከሆነ ብቻ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ቡናማ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ግን ለመዋኘት የሚመረጠው እሱ ነው። ድንኳን፣ የምሽት እሳት፣ የባሕር ዳር መረብ ኳስ፣ ጀልባ፤ ጎረቤቱ ደግሞ የአብያታ ሻላ ፓርክ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የማኅበር ፍቅር የሚጠነክረው በምሽቱ እሳት ዙሪያ ነው። ቀን ሙሉ ያልተናገረ ልጅ እዚያ ያወራል።

ለደርሶ መልስ ግን አትድከሙ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ የቀኑ ትልቁ ክፍል መኪና ውስጥ ያልቃል፤ ሐይቁ ዳር የምትቀመጡት በቀትር ሐሩር ይሆናል። ዋናንም በሚመለከት ጥብቅ ሁኑ። የከተማ ልጆች ብዙዎቹ ዋና አያውቁም፤ የሚያውቁ የሚመስላቸው ደግሞ ከማያውቁት ይብሳሉ። ወገብ ድረስ ያለውን ጥልቀት በገመድ ለዩ፣ ከዚያ ማለፍ ይከልከል፣ ሁለት ጎበዝ ዋናተኞች ደረቅ ልብስ ለብሰው ዳር ላይ ተረኛ ይሁኑ። ከጨለመ በኋላ ማንም ውኃ ውስጥ አይግባ።

ወላጅ፣ ገንዘብ፣ ምግብ

ኮሚቴዎች የሚረሱት ውሳኔው በከፊል በወላጅ እጅ መሆኑን ነው። ማደር ካለ ከሴት አባላት ብዙዎቹ ይቀራሉ፤ ይህን ዐውቆ ላንጋኖን መምረጥ የማኅበሩን ግማሽ ቤት ትቶ መሄድ ነው። ወላጅ የሚያምነው ሰው፣ ለምሳሌ የታወቁ እናት ወይም የማኅበሩ አማካሪ የሆኑ ጋሼ፣ አብረው የሚያድሩ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ስማቸውንና ስልካቸውን በፈቃድ ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። እንጦጦና መናገሻ በዚህ በኩል ምንም ጥያቄ አያስነሡም። ወንጪ በመካከል ነው፤ ማልዶ ከተነሡ አመሻሽ ላይ ይገባል፣ ለወላጅ የሚነገረው ሰዓት ግን ከታሰበው አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ይሁን።

በገንዘብ በኩል ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ በየወሩ ይለዋወጣል። ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ግን አይለወጥም። በእንጦጦ መኪናው ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራግፈው የየጨዋታው ትኬት ነው፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ የቡድን ዋጋ ጠይቁ። በመናገሻ መግቢያና አስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ወጪ ምሳ ይሆናል። በወንጪ ኮስተሩ (የኪራይ አውቶቡሱ) ዋናውን ይወስዳል፤ ፈረስ፣ ጀልባና አስጎብኚ ለየብቻ ስለሚከፈሉ ሦስቱን ደምራችሁ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚደርስ ካላወቃችሁ መዋጮ አትሰብስቡ። ላንጋኖ ከሁሉ ውድ ነው፦ የሁለት ቀን መኪና፣ የሹፌር አበል፣ ማደሪያ፣ ቢያንስ አራት ጊዜ ምግብ። የመኪና ኪራይ ውል በየትኛውም አማራጭ በጽሑፍ ይሁን፤ ነዳጅና አበል በማን እንደሚሸፈን ይጻፍበት። በመነሻው ጠዋት፣ ወጣቱ ሁሉ ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ዋጋ የሚጨምር ባለመኪና ገጥሞኝ ያውቃል።

ምግብን በተመለከተ ጉዞው ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ላይ ባይውልም የጾም ምግብ ይዛችሁ እንድትሄዱ እመክራለሁ። ሽሮ ፍትፍት፣ አትክልት፣ ዳቦ እና ቆሎ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል። «የማን እጅ አረደው» የሚለውን ጣጣ ከነጭራሹ ያስቀራል። ውኃ በነፍስ ወከፍ ለቀን ጉዞ ሁለት ሊትር፣ ላንጋኖ ከሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ወቅቱ ከመስቀል እስከ ታኅሣሥ ቢሆን መልካም ነው፤ ተራራው በአደይ ያጌጣል፣ መንገዱ ይደርቃል። በክረምት የሚቻለው እንጦጦ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በዝናብ ካፖርት። የተመሠረታችሁት ሐምሌ ላይ ከሆነ በዓሉን ወደ ጥቅምት ማዛወር ነውር የለውም። ከከተማ ለሚያስወጣችሁ ሁሉ ደግሞ የመንገዱን ደህንነት በጉዞው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፤ ከወር በፊት የሰማችሁት አይበቃም።

የእኔ ምርጫ

ከ40 ሰው በታች ከሆናችሁና በጀቱ ካለ፣ ወንጪ። ቀኑ ሙሉ ነው፣ ማንም ቆሞ አይመለከትም፣ ደፋሩም ፈሪውም የየራሱን ያገኛል። ከ40 በላይ ስትሆኑ ፈረስና ጀልባ በቂ አይሆንም፣ ተራ መጠበቁ የእንጦጦን ያህል ይሰለቻል፤ ያኔ መናገሻ ሱባ ይሻላል፣ የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ምሳ ላይ አውሉት። አብዛኛው አባል ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ወይም የዝግጅት ጊዜያችሁ ከሁለት ሳምንት ካነሰ እንጦጦ፣ ከነፔይንትቦሉ። ላንጋኖን የምመክረው ለቆየ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ወላጅ የሚያውቃቸው፣ ከዚህ በፊት አንድ ቀን አብረው ወጥተው የተመለሱ።

ድንኳን የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ እዩት፤ ዘንጉ የጎደለ ወይም ዚፑ የማይዘጋ ካለ የሚቀየረው አዲስ አበባ ላይ እንጂ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላንጋኖ ዳር አይደለም።