ለስትሮክ የትኛውን መድኃኒት እንግዛ? አልቴፕሌዝና ቴኔክቴፕሌዝ ጎን ለጎን

ጥምቀት ሲቃረብ ከውጭ የሚመጡ የጎንደር ልጆች ባዶ እጃቸውን መምጣት አይወዱም። አብሮ አደጎች ተሰባስበው ገንዘብ ያዋጣሉ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ለሆስፒታል የስትሮክ መድኃኒት ገዝተን ብንሰጥስ? የቱ ይሻላል?» የግል ሆስፒታል ያላቸው ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። እስቲ ጥናቶቹ የሚሉትን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ይደፍናል። በሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ይፈሳል። ሁለቱም አፍ ያጣምማሉ፣ እጅና እግር ያዝላሉ፣ አንደበት ያስራሉ። በዓይን ብቻ አይቶ መለየት ልምድ ላለው ሐኪምም አስተማማኝ አይደለም። እዚህ የማወዳድራቸው የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች ለመጀመሪያው ብቻ ናቸው። ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ከተሰጡ ሊገድሉት ይችላሉ። ሁለቱን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን ለሌለው ክሊኒክ የቱንም አትግዙ። ስጦታ መስሏችሁ አደጋ ታስቀምጣላችሁ።

ነባሩ፦ አልቴፕሌዝ

አልቴፕሌዝን ያስመሰከረው በ1995 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነው ጥናት ነው። 624 ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። መድኃኒቱ የተሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ነበር። በጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ፣ መድኃኒቱን ካገኙት 39 ከመቶው ያለ ጉልህ አካል ጉዳት ኖረዋል። ካላገኙት ግን 26 ከመቶው ብቻ። በአንጻሩ ሕመምን የሚያባብስ የአንጎል ደም መፍሰስ ከ0.6 ወደ 6.4 ከመቶ አሻቅቧል። ይህን ቁጥር ሳይናገር «መድኃኒቱ ፍቱን ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት የጊዜ ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 አልቴፕሌዝን ለስትሮክ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ማስረጃ በማካበት በኩል የሚስተካከለው የለም።

ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። መጠኑ በኪሎ 0.9 ሚሊግራም ሆኖ ከ90 አያልፍም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 54 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 5.4ቱ በአንድ ደቂቃ ይገፋል። የቀረው 48.6 በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል፤ ለዚህ የሚሠራ ኢንፊውዥን ፓምፕና ዓይኑን የማይነቅል ነርስ ያስፈልጋል። አንድ ነርስ ስንት አልጋ በሚያይበት ሌሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕመምተኛው ለምርመራ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ቢቋረጥ ደግሞ መጠኑ ይጓደላል።

አዲሱ፦ ቴኔክቴፕሌዝ

ይኸኛው የአልቴፕሌዝ ታናሽ ወንድም ነው። ሞለኪውሉ ተሻሽሎ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ተደርጓል። ስለዚህ ፓምፕ አይፈልግም፤ በአንድ መርፌ በሰከንዶች ውስጥ ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 25 ነው። ያው 60 ኪሎ የሆነው ሰው 15 ሚሊግራም ይበቃዋል።

ውጤቱስ? በ2022 የወጣው የካናዳ ጥናት 1,600 ገደማ ሰዎች ላይ ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሟቸዋል። በጥሩ ሁኔታ ያገገሙት በቴኔክቴፕሌዝ 36.9፣ በአልቴፕሌዝ 34.8 ከመቶ ናቸው። አደገኛው የደም መፍሰስ 3.4 እና 3.2 ከመቶ ሆነ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቻይና ውስጥ በአገሬው በተመረተ ቴኔክቴፕሌዝ የተደረገው የ2023 ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2025 ለስትሮክ ፈቀደው።

እኔ ብሆን ለጎንደር ቴኔክቴፕሌዝን እመርጣለሁ። በሽታውን የበለጠ ስለሚፈውስ አይደለም፤ አልተረጋገጠም። ግን የሚበላሽበት አጋጣሚ ያነሰ ነው። ከተማዋ ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች፤ ዕውቀት አላነሳትም። የሚያንሰው ብዙ ጊዜ ዕቃና እጅ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይኸው መድኃኒት ለልብ ድካም ሳይሆን ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ማለትም የልብ ደም ሥር ሲደፈን፣ ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። የልቡ መጠን ከፍ ያለ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 35 ሚሊግራም። ለስትሮኩ ከሚሰጠው ከእጥፍ በላይ! ኖርዌይ ውስጥ በኪሎ 0.4 ሚሊግራም ለስትሮክ የሞከረ ጥናት የደም መፍሰሱና የሞቱ ቁጥር ስለበዛ ሳያልቅ ቆሟል። ስለዚህ ለልብ የተዘጋጀውን የ50 ሚሊግራም ብልቃጥ ለስትሮክ ክፍል ገዝታችሁ አትስጡ። በድንጋጤ ሰዓት ሙሉውን መግፋት የሰው ልጅ ስሕተት ነው። ለስትሮክ ተብሎ የተዘጋጀው የ25 ሚሊግራሙ ነው።

ርካሹስ?

ሻጭ ዘንድ ስትጠይቁ «ስትሬፕቶካይኔዝ አለ፣ እሱም ደም ያሟማል፣ በጣም ርካሽ ነው» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፣ ለልብ ያገለግላል። ለስትሮክ ግን በ1990ዎቹ በአውሮፓ፣ በጣሊያንና በአውስትራሊያ ተሞክሮ ሦስቱም ጥናቶች ከጊዜያቸው በፊት ተቋርጠዋል። ምክንያቱ ደም መፍሰስና ሞት ነው። በዋጋው አትታለሉ።

ከርካሾቹ ውስጥ ቦታ ያለው አስፕሪን ነው። በ1997 የወጡ ሁለት ግዙፍ ጥናቶች በድምሩ 40 ሺህ ያህል ሰው አሳትፈዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ አስፕሪን ሲጀመር ከ1000 ሕመምተኛ 9 ያህሉ ከሞት ወይም ከሌላ ስትሮክ ይተርፋል። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ሰዓት ያለፈበት ሕመምተኛም ያገኘዋል፤ ከደባርቅ ወይም ከመተማ መንገድ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ነው። ቀላል ስትሮክ ለያዘው ሰው ደግሞ ክሎፒዶግሬል (እንደ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከአስፕሪን ጋር ለ21 ቀን፣ ከዚያ ለብቻው እስከ 90 ቀን ሲሰጥ፣ በ2013 ቻይና ውስጥ በተደረገው ጥናት በ90 ቀን የተደገመው ስትሮክ ከ11.7 ወደ 8.2 ከመቶ ወርዷል። አስፕሪንም ቢሆን ከሲቲ ስካን በኋላ ነው። የረጋ ደም የሚያሟማውን መድኃኒት ለወሰደ ሰው ደግሞ አስፕሪኑ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይሰጥም። ቤት ውስጥ አፉ ለተጣመመ ሰው አስፕሪን የምታጎርሱ ተዉ፤ መዋጥም ያቅተው ይሆናል። «ምች ነው» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅም ያው ጉዳት ነው።

በቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትቶ የማውጣት ሕክምና ትልቁን የደም ሥር ለደፈነው ስትሮክ ከፍተኛ ጥቅም አለው፤ በ2015 የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት ራሱን ችሎ የሚኖረውን ሰው ከ19.1 ወደ 32.6 ከመቶ አድርሶታል። ግን ልዩ ክፍልና ሠልጣኝ ቡድን ይጠይቃል። በመዋጮ ብልቃጥ አይገዛም።

ስትገዙ

ዋጋ የምታወዳድሩት በብልቃጥ ሳይሆን በሕመምተኛ ይሁን። አልቴፕሌዝ በ10፣ በ20 እና በ50 ሚሊግራም ይመጣል። ለ60 ኪሎው ሰው የ50ውና የ10ሩ ሁለቱም መከፈት አለባቸው። ቴኔክቴፕሌዝ ግን አንድ የ25 ብልቃጥ ይበቃል።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እነዚህ መድኃኒቶች በየቀኑ አይወጡም፤ መደርደሪያ ላይ ሊያረጁ ይችላሉ። ሁለቱም ከ30 ዲግሪ በላይ እንዲሞቁ አይፈለግም። ጎንደር ደጋማ ስለሆነች ይህ ብዙ አያሳስብም፤ በመተማ በረሃ ግን ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም። በሻንጣ ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ደውሉ። ይቀበሉ እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንደሚገባ ይንገሯችሁ። በዚያው ስልክ ሌላም ጠይቁ፦ ሲቲ ስካኑ ሌሊት ይሠራል ወይ? «ማታ ባለሙያ የለም» ካሏችሁ መዋጮውን ወደዚያ አዙሩት።