ጎመኑን በጭልፋ የለካችው ሲስተር

ጤና ይስጥልኝ። የጥምቀት ማግስት ደረቴ ተከፍቶ የልቤ ቫልቭ ተቀይሮልኛል። በልጅነቴ ቶንሲል ነው እየተባለ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጥኩ ያሳለፍኩት የጉሮሮ ሕመም ነው አድሮ ልቤ ላይ የወጣው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ቤታችን ድረስ እየተመላለሰች ስላስታመመችኝ ሲስተር ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ካስታመመችው ይልቅ ቤተሰቤን ማስታመም ያስተማረችው ይበልጣል። «ቤት የሚመጣ ጥሩ ነርስ የምታውቁ» እያላችሁ የምትጠይቁ ብዙ ስለሆናችሁ ቢዘገይም ልጠቁማችሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የያዝነው አንድ ፌስታል መድኃኒትና ሁለት ደቂቃ ያልሞላ ማብራሪያ ነበር። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ወጥ ቤቱን ተረከበች። ጠያቂው ደግሞ ጎረፈ፤ ሳሎናችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ብርቱካኑ፣ ድፎ ዳቦው፣ ሙዙ መቀመጫ አጣ። አንዷ «የእነ እከሌም ልጅ እንዲሁ ደህና ሆና ነበር...» ብላ ትጀምርና ፊቴን አይታ ወሬ ትቀይራለች። ሁሉም ወዶኝ ነው የመጣው፣ አልክድም። ግን ፍቅራቸው ሊገድለኝ ምንም አልቀረው።

ሲስተር የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳሌን እውጣለሁ። ሳስል ደረቴ ለሁለት የሚሰነጠቅ ይመስለኝ ነበራ! ምንም ሳትል ከሶፋው ላይ ትንሿን ትራስ አንስታ ደረቴ ላይ አስቀመጠችና «ጥብቅ አድርገሽ እቀፊውና ሳይ» አለችኝ። ሳልኩ። አመመኝ፣ ግን አልተሰነጠቅኩም። ያች ትራስ ሁለት ወር ሙሉ ከእጄ አልተለየችም።

ባለቤቴ ብብቴን ይዞ ሊያነሳኝ ሲል ደግሞ «ኧረ በክንዷ አይጎትቷት!» ብላ ጮኸችበት። የደረት አጥንቴ በሽቦ የታሰረ እንደሆነና እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር እንደሚፈጅ አስረዳችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሱን ራሱን አልጋ ላይ አስተኛችው። በጎኑ አንከባለለችው፣ እግሩን አስወረደችው፣ ትራሱን አሳቅፋ ከጀርባው እየደገፈች አስነሳችው። ሁለት ጊዜ አስደገመችው። በማግስቱ እኔን ሲያነሳኝ እጁ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጎመኑ ነው። ቫልቬ ሰው ሠራሽ የብረት ስለሆነ ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በየማታው እወስዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬን። የደሙ ቅጥነት አይኤንአር በሚባል ምርመራ ይታያል፣ የኔ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ስወጣ 2.8 ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወርዶ 1.6 ተገኘ፤ ደሜ ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል ማለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨመረልኝ፣ ቁጥሩ እስኪስተካከልም ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘ። ባለቤቴ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብሎ ፋርማሲው ድረስ ሄዶ ሊጣላ ተነሳ። ሲስተር ግን ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ድስቶቹን ከፈተች።

ጎመን። ምሳም ራትም፣ በየቀኑ። እማዬ «ብዙ ደም ፈሷታል፣ ጎመን ደም ይተካል» ብላ ነው። ሲስተር ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን እንደሚያደክመው ስትነግራት እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄን በገዛ እጄ!» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሲስተር አላለቀሰችም። ጭልፋውን አነሳችና «እናቴ፣ ጎመን አልከለከልኩም። ይቺን አንድ ጭልፋ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ ያው። አንድ ሳምንት ሞልተው አንድ ሳምንት እንዳያስቀሩባት ብቻ። መድኃኒቱ የሚለካው ከምትበላው ጋር ነው» አለቻት።

እማዬ ማንበብ አትችልም። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ረቡዕ፣ ዓርብና እሁድ ላይ በእርሳስ ቅጠል እየሣለች ምልክት ማድረግ ጀመረች። ሁዳዴ ሲገባ ችግር ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የንስሐ አባቴ «ለአንቺ ጾሙ መድኃኒትሽን በሰዓቱ መዋጥ ነው» አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ጎመን ሲበላ የኔ ያችው አንድ ጭልፋ ነበረች። ቁጥሩ ወደ 2.9 ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናወጠም።

ጠያቂዎቹንም አላባረረቻቸውም፣ ሥራ ሰጠቻቸው። ጥየቃ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ጉንፋን ያለበት በስልክ። አጎቴ ተቀይሞ ነበር፣ አሁን ታርቀናል። የዕድራችን ሴቶች አንዷ ልብስ፣ አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ማምጣት ተካፈሉ። አንዲት ጎረቤታችን ለደረቴ ሕመም ዳይክሎፌናክ ልትሰጠኝ ከቦርሳዋ ስታወጣ ሲስተር እጇን ያዘቻት፤ ከዋርፋሪን ጋር ደም ሊያፈስ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅነው። ሦስት ዓመት የሆነውን ልጄን ማንሳት ስለተከለከልኩ፣ እኔ እየተቀመጥኩ እሱ ከጎኔ መጥቶ ተለጥፎ እንዲተኛ አለማመደችው። ሌሊት ቫልቩ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቶ «እማ፣ ሰዓት ውጠሻል?» ብሎኛል።

እንከኗንም ልናገር። ታረፍዳለች፤ ከጀሞ ኮተቤ በሁለት ታክሲ እየመጣች ስለሆነ አልፈርድባትም፣ ግን ቀጠሮዋን ትርፍ ሰዓት ጨምራችሁ ያዙት። አፏ አይመለስም። እሺ እሺ የምትል ነርስ ከፈለጋችሁ እሷ አትሆንም። መድኃኒት ከራሷ አትጨምርም፣ አትቀንስም፤ «ለሐኪምሽ ደውዪ» ነው የምትለው፣ ይሄን እንደ እንከን የሚያይ ካለ ብዬ ነው። የሙያ ፈቃዷን ሳንጠይቃት አውጥታ አሳይታናለች። እሷን ባትወስዱ እንኳ ሌላ ስታስገቡ ፈቃድ ጠይቁ።

ክፍያዋ በምልልስ ሂሳብ ነው። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ እኔ የከፈልኩትን ብጽፍ አሳስታችኋለሁ፤ ከራሷ ጋር ተነጋገሩ። ለእኛ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት መጥታልናለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት «ቡና ጠጪ ስለተባልኩ ነው የመጣሁት» ብላ አልተቀበለችንም።

ሲስተርዬ፣ ይህን ካነበብሽው እማዬ ደብረ ብርሃን ከገባች በኋላም በየረቡዑ ትደውላለች። «ጭልፋሽን አትርሺ» ትለኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት ተረኛ ስለሆነች በማግስቱ እስከ ቀትር ትተኛለች። አትደውሉላት፣ መልእክት ተዉላት።