ገጽ 9ን ሳታርሙ አታጥኑት፦ ስለ ኩላሊት አፈጣጠር የሚሸጠው ኖት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በር አካባቢ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ የሚሸጥ፣ በስፓይራል የተጠረዘ 22 ገጽ ኖት ነው፤ 70 ብር። ለዋጋው ደህና ነው። ገጽ 9 ላይ ያለው ስህተት ግን የኋላውን ሁሉ ያበላሻል።

ስዕሉ ጂዲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያመነጨው የዩሬተሩ (ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ) እምቡጥ እንደሆነ ያሳያል። ቀስቱ ተገልብጧል። ጂዲኤንኤፍ የሚወጣው ከሜዘንካይሙ (እምቡጡ ከሚያድግበት ልል የጽንስ ህብረ ሕዋስ) ነው፤ የሚቀበለው ሬት (መራራው አይደለም፣ ተቀባዩ ፕሮቲን ነው) ያለው በዎልፊያን ቱቦ (እምቡጡ በሚበቅልበት የጽንስ ቱቦ) ላይ ነው። ቱቦው ጥሪው ሲደርሰው ያብጥና እምቡጥ ያወጣል። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተሙ ሙከራዎች ጂዲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦች ያለ ኩላሊት ተወልደው ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። ቀስቱን በእስክሪብቶ ካላዞራችሁ ገጽ 14 ላይ ያለው ድርብ ዩሬተር (ከአንድ ኩላሊት ሁለት ዩሬተር መውጣቱ) አይገባችሁም፤ እዚያ ችግሩ ስሊት-2 እና ሮቦ-2 የተባሉት ፕሮቲኖች ሲጎድሉ ጂዲኤንኤፍ የሚያመነጨው ሜዘንካይም ወደ ላይ ተዘርግቶ ሁለተኛ እምቡጥ መጥራቱ ነው።

ምርጡ ገጽ 12 ነው። ከእምቡጡ ግንድ የሚወጣው ዊንት-9ቢ የተባለ ፕሮቲን ጫፉን የከበቡትን የሜዘንካይም ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሱት ዊንት-4 የተባለውን ጂን አብርተው ይሰበሰባሉ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ኳስ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ ኤስ ቅርጽ ይሆናሉ። የቀሩትን ሲክስ-2 የተባለው ፕሮቲን ሳይለወጡ ያቆያቸዋል። እሱ ከሌለ ሁሉም በአንዴ ኔፍሮን (ደም የሚያጣራው ጥቃቅን የኩላሊት ክፍል) ለመሆን ይሮጣሉ፤ ዘሩን ቆልቶ እንደበላ ገበሬ ለከርሞ የሚተርፍ የለም፣ ኩላሊቱም ኮሳሳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ኖቱ በግማሽ ገጽ ጥርት አድርጎ ጽፎታል። የሚያሳዝነው ኮፒው ነው፦ ዋናው ላይ ሲክስ-2 ቀይ፣ ዊንት-4 አረንጓዴ ነበሩ፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ይህችን አንድ ገጽ ብቻ በከለር አስወጡ።

ቀኖቹም ተደባልቀዋል። እምቡጡ የሚወጣው «በ10.5 ቀን» ይላል፤ ያ የአይጥ ነው። በሰው ከጽንሰት በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። አዲስ ኔፍሮን መሠራቱም በሰው በእርግዝናው 36ኛ ሳምንት አካባቢ ሲያበቃ በአይጥ ከተወለደም በኋላ ጥቂት ቀን ይቀጥላል። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

ስትገዙ ገጽ 17 እና 18ን ገልጣችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ጥራዝ ላይ ተዘቅዝቀው ገብተዋል፣ ከጠየቃችሁ ይቀይሩላችኋል።