ጁራሲክ ፓርክ ወይስ ሺንድለርስ ሊስት?
ሁለቱም ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ1993 የወጡ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ያው ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ያው ጆን ዊሊያምስ። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማቸው ግን የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉም።

ጁራሲክ ፓርክ ሙሉ ኦርኬስትራውን ያዘምታል። ዳይኖሰሮቹ መጀመሪያ ሲታዩ ዜማው ቀስ ብሎ ይነሳና እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የነሐስ መሣሪያዎቹ ሲገቡ፣ በቃ፣ እንደገና ልጅ ትሆናለህ።

ሺንድለርስ ሊስት ቁጥብ ነው። ኢዛክ ፐርልማን በቫዮሊን ሲያንጎራጉር ኦርኬስትራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከተለዋል፤ እንባህን አይለምንህም፣ ራሱ ይመጣል። የዓመቱን ኦስካርም ወስዷል። ጁራሲክ ፓርክ በሙዚቃ እጩ እንኳን አለመሆኑ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ምርጫዬ? ቫዮሊኑ። ብቻ በየቀኑ አልችለውም፤ ዕቃ ሳጥብ የምከፍተው ዳይኖሰሮቹን ነው።