ቤቱን ሁሉ በፀረ-ጀርም ማጽዳት ወይስ በሚያስፈልግበት ብቻ?

ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ዴቪድ ስትራካን እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ነገር አስተዋለ፤ ታላላቅ ወንድምና እህት ያሏቸው ልጆች በአለርጂ ብዙም አይያዙም። ከመጠን ያለፈ ንጽሕና ልጆችን ለአለርጂ ያጋልጣል ወይ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ለሰውነት መከላከያ፦
ሁሉን ማጽዳት፦ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ተሕዋስ አብሮ ይጠርጋል። የሕፃን ሰውነት ግን ጉዳት የሌለውን ከጎጂው መለየት የሚማረው ከአፈር፣ ከእንስሳትና ከሌሎች ልጆች በሚያገኛቸው ተሕዋስያን ነው።
ለይቶ ማጽዳት፦ ልጁ ደጅ ወጥቶ አፈር ይነካል፤ ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ከምግብ በፊት ግን እጁን ይታጠባል። ይህ ፈጽሞ አይቀርም። ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ መያዝ ሰውነትን ያጠነክራል የሚለው አጉል እምነት ልጆችን ይጎዳል።

ወጪ፦ ለእጅ መታጠቢያ ተራ ሳሙና ይበቃል።

አደጋ፦ በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲደባለቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የሚረጩ ማጽጃዎች አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራሉ።

ቤት ውስጥ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረገ ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ጠንከር ያለው ጽዳት ተገቢ ነው፤ የሐኪሙንም ምክር ተከተሉ። ለጤነኛ ቤተሰብ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።