ለውሃ የሚሆን ሰዓት፦ ርካሽ ኮፒ፣ ማስተር ኮፒ ወይስ ተራ ኦሪጅናል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ከሚሸጡት የጠላቂ ሰዓቶች መካከል «200 ሜትር» ወይም «300 ሜትር» ያልተጻፈበት ማግኘት ይከብዳል። ኦሪጅናል ላይ ይህን ቁጥር የሚሰጠው ፋብሪካው በግፊት ፈትኖ ነው። ኮፒ ላይ ግን ከስሙና ከአርማው ጋር አብሮ የተቀዳ ስለሆነ ስለ ሰዓቱ ምንም አይነግራችሁም። ውሃ የሚገባው በሦስት በኩል ነው፤ በመሙያው (ሰዓቱን ለመሙላትና ለማስተካከል በጎኑ የሚዞረው ጉጥ)፣ በኋላ ክዳኑና በመስታወቱ ዙሪያ። ሦስቱንም የሚዘጋው ቀጭን ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ነው። እኛም የምናወዳድረው እነዚህን ነው።

ርካሹ ኮፒ

መሙያውን ወደ ግራ አዙሩት። መፈታት ሳያስፈልገው በቀጥታ ተስቦ ከወጣ የሚጠመዘዝ አይደለም፤ ፊቱ ላይ 300 ሜትር ቢባልም ዋጋ የለውም። ከዚያ ገልብጡት። ጀርባው ዙሪያውን ጥርስ ቢኖረውም ጠርዙ ላይ የቢላ ጫፍ የምታስገባ ትንሽ ክፍተት ካለች ክዳኑ ተጭኖ ብቻ የሚዘጋ ነው፤ ጥርሱ ለጌጥ የተቀረጸ ነው። ውስጡ ያለው ጎሚኒ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጁን እስከ ክርኑ የሚታጠብ ሰው ይህን ሰዓት አውልቆ ቢታጠብ ይሻለዋል።

ማስተር ኮፒ

ማስተር ኮፒ የሚባለው ኦሪጅናሉን በደንብ አስመስሎ የተሠራው ውዱ ኮፒ ነው። የሮሌክስ ሰብማሪነር ወይም የኦሜጋ ሲማስተር ማስተር ኮፒ በአብዛኛው መሙያውም ክዳኑም በእውነት የሚጠመዘዙ ናቸው። ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ችግሩ እዚያው መሙያው ላይ ይጀምራል። መሙያው የሚጠመዘዝበት ቱቦ ለስላሳ ብረት ከሆነ አንድ ጊዜ ጠምሞ ሲገባ የብሎኑ ጥርስ ይበላል። ከመግዛታችሁ በፊት ፈታችሁ መልሳችሁ አጥብቁት፤ ሁለት ሦስት ዙር ሳይንገጫገጭ መዞርና መጨረሻ ላይ ጎሚኒው ሲጫን ለጣት ትንሽ መክበድ አለበት። መሃል ላይ ከዘለለ ወይም ማለቂያ ከሌለው ተዉት። የሂሊየም ማስወጫ (በጣም ጥልቅ ለሚሠሩ ጠላቂዎች ሰዓቱ ውስጥ የገባውን ጋዝ የሚያስወጣ ቀዳዳ) ያለው ኮፒ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ለመልክ የተገጠመ ማስወጫ አካሉን የሚበሳ አራተኛ የውሃ መግቢያ ሊሆን ይችላል።

ማስተር ኮፒ ገዝቶ በቀጥታ ገንዳ መግባት ትክክል አይደለም። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ የክዳኑንና የመሙያውን ጎሚኒ ይለውጥ፣ በሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባ። ቫዝሊን አይሆንም፤ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፣ በሙቀትም ይቀልጣል። ቀጥሎ የግፊት ፈተና ነው። በተለመደው መሣሪያ ሰዓቱ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ አየር ይሞላበታል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውሃው ውስጥ ይወርድና ግፊቱ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። አረፋ ከወጣ ያፈስሳል ማለት ነው፣ ወዲያው ይነሳል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚደርሱት 6 ባር ድረስ ነው፤ ይህም የ60 ሜትር ውሃ ግፊት ነው። ፈተናውን ያለፈ ማስተር ኮፒ ለዋና ሊሆን ይችላል። «200 ሜትር» መሆኑ ግን አሁንም አልተረጋገጠም።

መሣሪያው ከሌለ ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አውጥቶ ባዶውን አካል ውስጡ ደረቅ ሶፍት አድርጎ ይዝጋውና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይደር። ሶፍቱ ከረጠበ ነገሩ አለቀ። ደርቆ ቢያድርም የተረጋገጠው የእጅ መታጠቢያ ውሃ መቋቋሙ ብቻ ነው።

ተራ ኦሪጅናል

ለውሃ ከሆነ ገንዘቡን እዚህ ላይ ማዋል ነው የሚያዋጣው። ካሲዮ ኤምዲቪ 106 የሚጠመዘዝ መሙያና ክዳን ያለው የ200 ሜትር ሰዓት ነው። ካሲዮ ኤኢ 1200 ዲጂታል 100 ሜትር ነው፤ ለዋና ይበቃል። በተቃራኒው ሁሉም የሚያውቀው ካሲዮ ኤፍ 91 ለዝናብና ለእጅ መታጠብ እንጂ ለዋና አልተሠራም። እሱም ይኮረጃል፤ የቀኙን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ስትጫኑት ኦሪጅናሉ «ካሲዮ» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። በእውነት ለሚጠልቅ ሰው ፊቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ዳይቨርስ 200» የሚል ሴይኮ ይሻላል። ይህ ቃል አይኤስኦ 6425 የተባለውን ዓለም አቀፍ የጠላቂ ሰዓት ደረጃ ያመለክታል፤ በደረጃው መሠረት እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት፣ ማለትም ባለ 200 ሜትሩ በ25 ባር ይፈተናል።

ሙቀቱና ከፍታው

ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሰዓት ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ወዲያው ቀዝቃዛ ገንዳ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በላላ ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። የድሬዳዋ ሙቀት ጎሚኒንም ቶሎ ያደርቃል። ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በ0.2 ባር ገደማ ያንሳል። ሐረር ላይ ተከፍቶ የተዘጋ ሰዓት ጅቡቲ ሲደርስ ገና ውሃ ሳይነካው 2 ሜትር ጥልቀት እንደወረደ ያህል ከውጭ ይጫናል። ጤነኛ ጎሚኒ ይህን ይችላል፤ የደረቀው ግን እርጥብ አየር ያስገባል።

እርጥበት ገብቶ እንደሆነ ለማየት ሰዓቱን ሞቅ አድርጉና መስታወቱ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብታ አኑሩ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ከውስጥ በኩል ጉም ከቀረ ውስጡ ረጥቧል። ያገለገለ ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ሱቁ በር ላይ አድርጉት።

የትኛውም ሰዓት ይሁን ባትሪ ሲቀየር ጎሚኒውም ይቀየር፣ ውሃ ውስጥ መሙያው አይነካ፣ የባሕር ውሃ ከነካው በንጹህ ውሃ ይታጠብ። የባሕር ውሃ ውስጡ ከገባ ሩዝ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ጨው ብረቱን በሰዓታት ውስጥ መብላት ይጀምራል። በዚያው ቀን ክዳኑ ይከፈት፣ ባትሪ ካለው ይውጣ፣ ሰዓት ሠሪው ሞተሩን ያጽዳ።