ለራፕ ቡድን የትኛው ይሻላል? የኢንተርኔት ቢት (ራፕ የሚደረግበት አጃቢ ሙዚቃ) ወይስ አቀናባሪ?

አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ አቅም ለሚሠራ የሂፕሆፕ ቡድን ከቀረጻ በፊት የሚነሳው ጥያቄ ይሄ ነው።

ዋጋ፦ በሊዝ፣ ማለትም ባለቤትነቱ ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱ ብቻ የሚገዛ ቢት ርካሽ ነው፤ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። አቀናባሪ በብር ይከፈለዋል፤ ሂሳቡ ግን ይከብዳል።

ፍጥነት፦ የወረደ ቢት ላይ ዛሬውኑ መቅዳት ይቻላል። አቀናባሪ ጋ ቀጠሮ ይራዘማል።

ስጋት፦ ብዙ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በተራ ሊዝ ያው ቢት ለሌሎችም ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ስንት ጊዜ መደመጥ እንደሚችል የሚገድብ ጣሪያም አለው። ከገዢዎቹ አንዱ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ በይዘት መለያ ሥርዓት (ተመሳሳይ ድምፅን በራሱ ፈልጎ በሚያገኘው Content ID) ካስመዘገበ፣ የእናንተም ዘፈን የባለቤትነት ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ደረሰኙንና ውሉን አትጣሉ። ከአቀናባሪ ጋር ደግሞ ጠቡ የሚመጣው ከቃል ስምምነት ነው፤ ክፍያውን፣ የገቢ ድርሻውንና የቢቱን ባለቤትነት ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ድምፅ፦ በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት፣ በስድስት በሚቆጠረው በ6/8 ምት መራፕ ከፈለጋችሁ አቀናባሪ ነው መልሱ። የሚወርደው ቢት በአብዛኛው በአራት የሚቆጠር 4/4 ነው። ከበሮው፣ ቤዙና ዜማው ለየብቻ በዌቭ (ጥራቱ ባልቀነሰ የድምፅ ፋይል) ካልተሰጣችሁ ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም ድምፆቹ ተመጣጥነው ሲዋሃዱ፣ ግጥሙ ከቢቱ ሥር ሊቀበር ይችላል፤ በአማርኛ ራፕ ደግሞ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ካልተለየ ቃሉ ራሱ ሊለወጥ ይችላል።

ለልምምድ፣ ለፍሪስታይልና ለሙከራ ነጠላ ዜማ ሊዝ ይበቃል። ለአልበም፣ ወይም ከማሲንቆና ከክራር ጋር መድረክ ላይ ለሚቀርብ ሥራ አቀናባሪ ያዙ።